የሚያሽከረክር፣ የሚቆጥር፣ የማይቀዳ፦ ርካሽ የፊልም ማጠቢያ ማሽን ለቤት

ሙሉ በሙሉ አውቶማቲክ የሆነ የፊልም ማጠቢያ ማሽን አራት ሥራ ይሠራል፦ ኬሚካል ይቀዳል፣ ሙቀት ይጠብቃል፣ ታንኩን (ፊልሙ የሚገባበትን፣ ብርሃን የማያስገባ ዕቃ) ያነቃንቃል፣ ጊዜ ይቆጥራል። ዋጋውን የሚሰቅሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ነጋቲቭ የሚያበላሹት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ እጅ ይደክማል፣ ስልክ ይጠራል፣ ደቂቃው ያመልጣል። ጎንደር ላይ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊልም ለሚያጥብ ሰው የሚያዋጣው ታዲያ የሚያሽከረክርና የሚቆጥር ማሽን ነው። መቅዳቱ ለእጅ፣ ማሞቁ ለማንቆርቆሪያ ይተው።

በብር ስንት ይፈጃል የሚለውን አልጽፍም። ምንዛሬው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ብዙ ሳይቆይ ውሸት ይሆናል። መመዘኛው ይህ ይሁን፦ አንድ አርዱይኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ)፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን። ከዚህ ሌላ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ለምን እንደገባ መልስ ይኑረው።

ፓምፕ ይህን ፈተና አያልፍም። በርካሽ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ትንሹ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ፣ ማለትም ቱቦውን እየጨመቀ ፈሳሽ የሚገፋው፣ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር አካባቢ ያሳልፋል። 250 ሚሊ ሊትር ለማስገባት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው። ሲ-41 በሚባለው የተለመደ አሠራር የሚታጠብ ቀለም ፊልም በዴቨሎፐር (ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል) ውስጥ የሚቆየው በጠቅላላው 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ነው፤ ታንኩ ሞላ ሲባል የመድፊያው ሰዓት ደርሷል። ፈጣን ፓምፕ ይግባ ቢባል ለዴቨሎፐር፣ ለስቶፕ ባዝ (ዴቨሎፐሩን ለሚያስቆመው) እና ለፊክሰር (ምስሉን ለሚያጸናው) ለየብቻ ሦስት ያስፈልጋል። ቱቦ ከተጋሩ ውስጡ የቀረው ፊክሰር የሚቀጥለውን ዴቨሎፐር ይመርዘዋል፤ ቫልቭ ውስጥ የደረቀ ፊክሰርም ጨው ሆኖ ይጋግራል። ሰው ግን 250 ሚሊ ሊትር በአምስት ሰከንድ ይቀዳል፣ መለዋወጫም አይጠይቅም። ማሽኑ ጮሆ ይጥራው እንጂ።

ሳጥኑና ክንዱ

ሳጥኑ 20 ሊትር አካባቢ የሚይዝ፣ ክዳን ያለው፣ አራት ማዕዘን የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ ታንኩ ከፊሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዞረው እዚህ ነው፤ ቅዳሜ ገበያ ከፕላስቲክ ሻጮች ዘንድ የሚፈለገው እሱ ነው። ክብ ሳፋ አይሆንም፤ ዘንጎቹን ትይዩ አድርጎ የሚይዝ ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም። ኮምፐርሳቶም ተዉት፤ ቫርኒሽ ቢጠጣም ጠርዙ ውሃ ያስገባና ያብጣል።

ከሳጥኑ ግርጌ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው፣ ሙሉ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ዘንጎች ይቀመጣሉ። በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ ሁለት ኩሽኔታ ይገባል፤ ቁጥሩ 608 የሆነው ልኩ ነው (ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር)። ኩሽኔታው በሁለት በኩል በዳዶ ይታሰራል። ታንኩ በቀጥታ በአራቱ ኩሽኔታዎች ላይ ይተኛል። ውጫዊ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ለሚጠጋ ታንክ በሁለቱ ዘንጎች መሃል፣ ከእምብርት እስከ እምብርት፣ 6.5 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው። ከዚህ ቢጠብ ታንኩ ከላዩ ተንከባሎ ሊወርድ ይችላል፤ በጣም ቢሰፋ ደግሞ በመሃል ይወድቃል። ዘንጎቹ ትይዩ ካልሆኑ ታንኩ እየዞረ ወደ አንድ ጎን ይሾልካል፤ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት ይበቃዋል። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ ለካክታችሁ እሰሩ፤ ቀሪውን መንሸራተት እንዲይዝ ደግሞ ጫፉ ላይ አምስተኛ ኩሽኔታ አግድም አድርጉለት።

ዋናው ጥያቄ የሞተሩ ቦታ ነው። በጎን እናስገባው ቢባል ሳጥኑ ከውሃው መስመር በታች ይበሳል፤ ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ደግሞ ዛሬ ባያንጠባጥብ ነገ ያንጠባጥባል። ሌላው የማይታሰበው ነገር ታንኩ መንሳፈፉ ነው። ሁለት ሪል (ፊልም የሚጠቀለልበት መዘውር) የሚይዝ ታንክ ከ250 ሚሊ ሊትር ኬሚካል ጋር ከግማሽ ኪሎ ብዙ አይበልጥም፤ ግማሽ ጎኑ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚገፋው ውሃም ወደዚያው ይጠጋል። ከኩሽኔታዎቹ ላይ ተነስቶ እዚያው ይንሳፈፋል፣ ሞተሩም በከንቱ ይዞራል።

ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታው ሞተሩን ከላይ ማድረግ ነው። በሳጥኑ ጠርዝ ላይ በማጠፊያ የታሰረ፣ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የብረት ክንድ ሥሩ። ሞተሩ ክንዱ ጫፍ ላይ ይታሰር፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ጎማ በክብደቱ ታንኩን ከላይ እየተጫነ ያዞረዋል። ቀዳዳ የለም፣ ሞተሩ ደረቅ ነው፣ ታንኩም አይነሳም። ኬሚካል ለመቀየር ክንዱን ወደ ላይ ማንሳት ብቻ ነው። ውሃው የታንኩን ሲሶ ያህል ይሸፍን፤ ከዚያ ቢበልጥ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ለጎማው የ50 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ ወስዳችሁ ጎሚስታ ቤት የሚጣል የብስክሌት ካላመዳሪ አልብሱት። እርጥብ ፕላስቲክ በእርጥብ ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል፤ ጎማ ግን ይይዛል። ፍጥነቱን ማስላት ቀላል ነው፦ የሞተሩ ዙር በጎማው ስፋት ተባዝቶ ለታንኩ ስፋት ይካፈላል። በደቂቃ 107 ዙር የሚዞር ባለ ጊር ሞተር፣ 50 ሚሊ ሜትር ጎማ፣ 100 ሚሊ ሜትር ታንክ፦ 53 ዙር። ከ30 እስከ 75 ያለው ሁሉ ይሠራል።

ባለ ጊር ሞተር ካልተገኘ ጋራዥ ውስጥ የወደቀ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር አለ። በዝቅተኛው ፍጥነት 45፣ በከፍተኛው 65 ዙር አካባቢ ይዞራል፤ ስለዚህ ጎማው 110 ሚሊ ሜትር የሆነው ቱቦ ይሁን። ሁለት ነገር ግን አስቡ። ክብደቱ ከኪሎ ስለሚያልፍ ክንዱ በሌላኛው ጫፍ ማመዛዘኛ ካላገኘ ታንኩን ያጣምመዋል። በብዙዎቹ ላይ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ኔጌቲቭ በሞተሩ አካል በኩል ስለሚያልፍ አቅጣጫ ሲገለበጥ ክንዱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ በሞተሩና በብረቱ መሃል ጎማ አስገቡ፣ ብሎኖቹንም በፕላስቲክ ለዩ።

አቅጣጫ መገለባበጥ ግዴታ ነው። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚዞር ታንክ ፈሳሹን በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚነዳ በፊልሙ ቀዳዳዎች ጎን መስመር ይወጣል። ሰባት ሰከንድ ወደፊት፣ ግማሽ ሰከንድ ዕረፍት፣ ስድስት ሰከንድ ወደኋላ። ሰባትና ስድስት የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ እኩል ከሆኑ ታንኩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይመለሳል።

በመጨረሻ ሳጥኑን በግንበኞች ውሃ ልክ አስተካክሉ። ታንኩ ካዘነበለ የፊልሙ አንድ ጠርዝ ኬሚካል ይጠማል፤ ነጋቲቩም በቁመቱ ሙሉ ከአንድ ጎን የሳሳ ይሆናል። ይህን ጉድለት ብዙ ሰው የካሜራ ብልሽት ይመስለዋል።

አእምሮው

አርዱይኖ ናኖ፣ ሁለት መስመር ያለው ትንሽ ስክሪን፣ ሦስት ቁልፍ፣ አንድ ጩኸት ማሰሚያ፣ ውሃ የማይገባው ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር ከ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር፣ ሞተሩን በሁለቱም አቅጣጫ የሚነዳ ድራይቨር። ርካሹ ኤል298ኤን ድራይቨር ሁለት ቮልት ያህል ራሱ ይበላል፤ ባትሪው ሲዳከም ሞተሩ ይንቀራፈፋል። ቢቲኤስ7960 ትንሽ ቢወደድም እሱን ምረጡ።

ኃይሉ ከባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ይምጣ፤ ቻርጀሩ ሌላ ክፍል ይሁን። ይህ የመብራት መቋረጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ እጅ በሚገባበት ሳጥን አጠገብ 220 ቮልት እንዳይኖር ነው። ሞተሩ 2 አምፒር ቢስብ እንኳ የባትሪው ግማሽ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ያሠራል።

ሰው ሁሉ የሚመታበት ችግር ይኸውና፦ ሞተሩ አቅጣጫ ሲቀይር ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርድና አርዱይኖው እንደ አዲስ ይነሳል። ፊልሙ ስድስተኛ ደቂቃ ላይ እያለ ስክሪኑ ዜሮ ይላል። መድኃኒቱ ሦስት ነው። ለአርዱይኖው የራሱ ኤልኤም2596 ቮልቴጅ ማውረጃ ስጡት፤ ከእሱ በፊት ዳዮድና 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይግባ። አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊት ያ የግማሽ ሰከንድ ዕረፍት አይዘለል። ያለፈው ጊዜ ደግሞ በኢኢፕሮም (ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋው የአርዱይኖው ማኅደር) ይመዝገብ፤ ማሽኑ ተቋርጦ ሲነሳ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቅ። በየሰከንዱ ግን አይጻፍ። የአርዱይኖው ቺፕ፣ የአትሜጋ328፣ ኢኢፕሮም ለአንድ ቦታ 100,000 ጽሕፈት ነው የተሰጠው፤ ለአሥር ደቂቃ ማጠቢያ በየሰከንዱ ቢጻፍ 166 ፊልም ላይ ያልቃል። በየ10 ሰከንዱ ይበቃል።

ታንኩ ላይ ትንሽ ማግኔት፣ አጠገቡ ማግኔት ሲያልፍ የሚያውቅ ኤ3144 ሴንሰር ብታደርጉ ማሽኑ መዞሩን ራሱ ያውቃል። ታንኩ መዞር ሲገባው ለሦስት ሰከንድ ማግኔቱ ካላለፈ ይጩህ። ጎማው ተንሸራቶ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር የሚያጋልጠው ይኸው ነው።

ሙቀት መጠበቅ ሳይሆን ሙቀት መቁጠር

ይህ ክፍል ከሌለ ማሽኑ ተራ ማዞሪያ ነው። ለጥቁርና ነጭ ፊልም 20 ዲግሪን ሙጥኝ ማለት አያስፈልግም። ዴቨሎፐር በአንድ ዲግሪ ልዩነት ከ8 እስከ 10 በመቶ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ማሽኑ ማሞቂያ ከሚለኩስ ሰከንዱን ይመዝን። በ20 ዲግሪ ያለፈች አንድ ሰከንድ እንደ 1 ትቆጠር፤ በ18 ዲግሪ እንደ 0.84፣ በ22 እንደ 1.20፣ በ24 እንደ 1.43። በፕሮግራሙ ቋንቋ፣ የሙቀቱ ልዩነት በ0.09 ተባዝቶ የኤክስፖኔንሻል ዋጋው በየሰከንዱ ይደመራል። ድምሩ የፊልሙን የ20 ዲግሪ ጊዜ ሲሞላ ይጮሃል። ኤችፒ5 የሚባለው ጥቁርና ነጭ ፊልም ዲ-76 በሚባለው ዴቨሎፐር፣ አንድ ለአንድ (በእኩል ውሃ) ሲቀጥን፣ 11 ደቂቃ ነው፤ ውሃው 22.5 ዲግሪ ላይ ከቆየ ማሽኑ 8 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ አካባቢ ላይ ይጠራል። ሳጥኑ በመሃል ቢቀዘቅዝ ራሱ ያራዝመዋል፤ የወረቀት ሠንጠረዥ ይህን አይችልም።

ለጎንደር ይህ የተመቸ ነው። የከተማው አየር አብዛኛውን ዓመት ከ20 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ የሚያስቸግረው ሮቶ ነው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃና ሲነጋ የሚቀዳው ውሃ አንድ አይደሉም። የኬሚካል ጠርሙሶቹም ታንኩም ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት እዚያው ሳጥን ውኃ ውስጥ ይቆዩ፤ ሴንሰሩ የሚያነበው የሳጥኑን ውሃ ስለሆነ ሁሉም አንድ ሙቀት ካልሆኑ ስሌቱ ባዶ ነው። ድንበርም ይበጅለት፦ ከ18 በታችና ከ24 በላይ ያስጠንቅቅ። ቅዝቃዜው ወደ 13 ዲግሪ ሲወርድ በዲ-76 ውስጥ ያለው ሃይድሮኪኖን ሥራ አቆመ ማለት ይቻላል፤ ጊዜ በማራዘም አይካስም። በሌላ በኩል ጊዜው ከአምስት ደቂቃ በታች ከወረደ ዝንጉርጉር ሰማይ ይወጣል።

የማያቋርጥ መሽከርከር ንፅፅር ይጨምራል። ፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ጊዜውን እስከ 15 በመቶ ቀንሱ ይላል። የማጠቢያ ማሽን ሠሪው ጆቦ ደግሞ ጊዜውን ሳትነኩ ፊልሙን መጀመሪያ አምስት ደቂቃ በውሃ አርጥቡ ይላል። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ሁለቱን ደርቦ ማድረግ ግን የሳሳ ነጋቲቭ ነው። የኔ ምርጫ መቀነሱ ነው፣ ውሃ ይቆጥባል። ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ነጭ ነጠላና የቀሳውስት ጥምጥም ካለበት ከዚያ ላይ ሌላ 10 በመቶ ቀንሱ፤ አለዚያ የጥለቱ ሽመና ሁሉ አንድ ነጭ ይሆናል።

ትንሽ ፈሳሽ፣ ትንሽ ጉልበት

በጎኑ የሚሽከረከር ታንክ ግማሽ ያህል ፈሳሽ ይበቃዋል፤ ጆቦ 1520 ታንክ ቆሞ 485፣ ተኝቶ 240 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ለሌላ ታንክ ልኩን ለማወቅ የተበላሸ ፊልም ሪሉ ላይ ጠቅልላችሁ፣ ውሃ አድርጋችሁ፣ የታንኩን አፍ በሚያሳይ ላስቲክ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩና አስተኙት። ውሃው ከታች ያለውን ፊልም እስከ መጨረሻው ጥቅል ከሸፈነ ይበቃል።

ወጥመዱ እዚህ ነው። ፊልሙን የሚያጥበው የፈሳሹ ብዛት ሳይሆን ውስጡ ያለው ዴቨሎፐር ነው። ኮዳክ ለዲ-76 አንድ ለአንድ፣ ለአንድ ባለ 36 ፊልም 473 ሚሊ ሊትር ይላል፤ በ237 ከታጠበ ጊዜው 10 በመቶ ይጨመር። ሁለት ፊልም በ240 ሚሊ ሊትር አንድ ለአንድ ማጠብ ግን አይሞከርም። ሁለት ከሆኑ ያልተቀጠነውን ተጠቀሙ፤ የእሱ ጊዜ ለኤችፒ5 7 ደቂቃ ተኩል ነው።

ዲ-76ን ቤት ለመቀመም ለአንድ ሊትር ሜቶል 2፣ ሶዲየም ሰልፋይት 100፣ ሃይድሮኪኖን 5፣ ቦራክስ 2 ግራም ነው። ውሃው 50 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ አንድ ቁንጥር ሰልፋይት መጀመሪያ፣ ከዚያ ሜቶል፣ ከዚያ የቀረው። ሰልፋይቱ ሙሉውን ከቀደመ ሜቶል አልሟሟም ይላል። ለስቶፕ ባዝ አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ። በቡናና በቫይታሚን ሲ የሚሠራው ካፌኖል ለዚህ ማሽን አይመከርም፤ ታንኩ ሲሽከረከር አየር እየጠጣ ቶሎ ይደክማል፣ አረፋውም አይጣል ነው። ለነገሩ የሚፈልገው ፈጣን ቡና ነው፤ በቡና አገር የጣሳ ቡና ገዝቶ ታንክ ውስጥ መድፋት ለጎረቤት የሚወራ አይደለም።

ቀለም ፊልም

እዚህ የጊዜ ማካካሻው ይጠፋል። ሲ-41 በ37.8 ዲግሪ ነው፤ ሙቀቱ ሲዛነፍ ሦስቱ የቀለም ንብርብሮች እኩል አይሄዱም፣ የምስሉ ጥላ ወደ አንድ ቀለም፣ ብሩህ ቦታው ወደ ሌላ ያዘነብላል። የዲኤስ18ቢ20 ስህተት እስከ ግማሽ ዲግሪ ስለሚደርስ ከፋርማሲ በሚሸጥ ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ አስተካክሉት። ያ መሣሪያ ትክክለኛ የሚሆነው ልክ በዚህ ሙቀት አካባቢ ነው። በፈላ ውሃ ማስተካከል አይሞከር፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል።

ማሞቂያም አያስፈልግም። 7.3 ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ ከ2.7 ሊትር የ90 ዲግሪ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 10 ሊትር የ39 ዲግሪ ውሃ ይሆናል፤ ከሰል ላይ ቢፈላም ያው ነው። 10 ሊትር ውሃ 50 ዋት እያጣ ቢቀዘቅዝ በዴቨሎፐሩ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ የሚወርደው ሩብ ዲግሪ አይሞላም። ስለዚህ 38 ላይ ጀምሩ። ዋናው ሙቀት የሚያመልጠው በትነት ስለሆነ ለክንዱ ማለፊያ የተቆረጠ ክዳን ይደረግበት። ታንኩ ባዶውን አምስት ደቂቃ ሳይሞቅ ዴቨሎፐር አይቀዳበትም፤ የ20 ዲግሪ ፕላስቲክ ከ250 ሚሊ ሊትር ላይ ሦስት አራት ዲግሪ ይቀማል። ብሊክስ (ብሊችና ፊክሰር በአንድ የተቀላቀሉበት ኬሚካል) ደግሞ ጋዝ ያወጣል፤ ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች በኋላ ክዳኑን አስተንፍሱት፣ ያለዚያ በስፌቱ ይተፋል።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ

ቧንቧ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ማለቅለቅ ቀርቷል። የኢልፎርድ ዘዴ ታንኩን ሞልቶ 5 ጊዜ፣ ቀይሮ 10 ጊዜ፣ ቀይሮ 20 ጊዜ መገልበጥ ነው። በዚህ ማሽን ታንኩ ስለማይሞላ አምስት ጊዜ በ300 ሚሊ ሊትር ቀይሩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ አንድ ደቂቃ፣ የቀሩት ሁለት ሁለት ደቂቃ ይሽከርከሩ። አንድ ሊትር ተኩል ነው። ለመጨረሻው ማጥለቂያ የታሸገ ውሃ ከሁለት ጠብታ የፊልም ማርጠቢያ ፈሳሽ (ዌቲንግ ኤጀንት) ጋር ብትጠቀሙ ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም።

ፊክሰሩ ማብቃቱን ለማወቅ የፊልሙን ምላስ (ምስል የሌለበትን የመጀመሪያ ጫፍ) ቁራጭ ጨምሩበት፤ ለመጥራት የወሰደበት ጊዜ አዲስ እያለ ከወሰደው እጥፍ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ብር የያዘ ፊክሰር ወደ ፍሳሽ አይደፋ። በጄሪካን አጠራቅሙና የማይዝገውን ሳይሆን ተራውን፣ የሚዝገውን የብረት ሽቦ ጭምቅ ክተቱበት፤ ብረቱ ይሟሟል፣ ብሩ ጥቁር ደለል ሆኖ ከሥር ይቀመጣል። ጋዝ ስለሚኖረው የጄሪካኑ ክዳን ጥብቅ አይደረግ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ይጠለል።